አደራና ገበያ

ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ከሚተላለፉት ነገሮች ሁሉ እጅግ የሚከብደው አደራ ነው። ገንዘብ ቢጠፋ በገንዘብ ይተካል፤ በሬ ቢሞት በሬ ይገዛል፤ አደራ የተበላ እንደ ሆነ ግን መተኪያው አይገኝም። ሌባ የሚወስደው ያልተሰጠውን ነው፤ አደራ በላ ግን የሚወስደው አምነው የሰጡትን ነው። አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፤ ሰማይ ሩቅ» ያሉትም የዚህን ነገር ክብደት ስለ ተረዱት ነው። ፍትሐ ነገሥት ስለ አደራ ለብቻው ይናገራል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም አደራ ተቀባይ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በዕቃው ሊገለገልበት እንደማይገባ ደንግጓል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ከዚሁ ከአደራ የሚወለድ ነው። ጥያቄው የቆየ ነው፤ የለበሰው ልብስ ግን አዲስ ነው። ይኸውም፦ መልእክት ለማድረስ ዋጋ የተቀበለ ሰው፤ የሚያደርሰውን ነገር ወዴት እንደሚሄድና ከማን ዘንድ እንደሚመጣ እየተመለከተ መዝግቦ፤ የመዘገበውን ለነጋዴ ሊሸጥ ይገባዋልን? መልእክተኛው በዘንግ ላይ ደብዳቤ ይዞ በእግሩ የሚሮጥ ሰው በነበረበት ዘመን መልሱ የሚያከራክር አልነበረም። ዛሬ መልእክተኛው የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪ ኩባንያ በሆነበት ዘመን ግን ብዙ የተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ «ይገባዋል» ሲሉ ይሰማሉ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መመልከት ያስፈልጋል።

አስቀድመን ወደ አራዳ እንመለስ። ከጣልያን ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ታላቁ ገበያ የሚውለው በአራዳ፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ነበር። ገበያው በወረራው ዘመን ወደ መርካቶ ቢዛወርና የሰፈሩም እምብርት በጣልያኖቹ ቋንቋ «ፒያሳ» ተብሎ ቢጠራም፤ አራዳ የንግድና የወሬ መገናኛ መሆኑን አልተወም። በዚያን ጊዜ በአገራችን ደብዳቤ ይጓዝ የነበረው በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ላይ ተሰክቶ ነው። መልእክተኛው ዘንጉን ከፍ አድርጎ ይዞ ሲያልፍ ያየው ሁሉ ደብዳቤ እንደ ያዘ ያውቃል፤ ይሁን እንጂ የታተመውን ወረቀት ለመክፈት የሚደፍር አልነበረም። በ1886 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት የፖስታ ሥራ ተቋቋመ፤ በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ከዚያ ወዲህ የዘንጉ ሥራ ወደ ፖስታ ከረጢት ተዛወረ፤ አደራው ግን ያው አደራ ሆኖ ቆየ።

የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በአራዳ አደባባይ የተመረቀው በጥቅምት ወር 1923 ዓ.ም. ነው። በዚሁ ዓመት በሐምሌ ወር የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ታወጀ፤ በሃያ ስድስተኛው አንቀጽም ሕግ ከፈቀደው በቀር የኢትዮጵያውያንን የደብዳቤ ምሥጢር የመድፈር መብት ለማንም እንደማይኖረው ተነገረ። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥትም ስለ ደብዳቤ መጠበቅ ከመናገር አልቦዘነም። ከብዙ ዘመን በኋላ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት፤ እርሱም በሃያ ስድስተኛው አንቀጽ፤ በፖስታ ብቻ ሳይሆን በስልክ፤ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት ሁሉ እንዳይደፈር ደነገገ። የአንቀጾቹ ቁጥር መገጣጠም አጋጣሚ ነው፤ የሐሳቡ መገጣጠም ግን አጋጣሚ አይደለም። ሥርዓተ መንግሥት ሲለዋወጥ፤ ሕግ አውጪውም ሲለዋወጥ፤ መልእክተኛ መልእክቱን አይንካ የሚለው ሐሳብ ሳይለወጥ ከስድሳ ዓመት በላይ ተሻግሯልና።

እንግዲህ አዲሱ መልእክተኛ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። አንድ ሰው በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ አንድን ድረ ገጽ ለማየት ሲፈልግ ጥያቄው በቀጥታ ወደዚያ ገጽ አይደርስም፤ መስመር ባከራየው ኩባንያ በር ያልፋል። ገጹን የሚያዘጋጀው ድርጅት የሚያውቀው ሰውየው በእርሱ ቤት ውስጥ ያደረገውን ብቻ ነው። የመስመሩ ባለቤት ግን ሰውየው በየትኛው ቤት ገብቶ ከየትኛው እንደ ወጣ፤ በስንት ሰዓት እንደ ገባና ምን ያህል እንደ ቆየ ሊያውቅ ይችላል። ዛሬ አብዛኞቹ ድረ ገጾች በምሥጢር ቁልፍ የተዘጉ ስለ ሆኑ በቤቱ ውስጥ የተነገረውን ቃል መልእክተኛው ላይሰማ ይችላል፤ የቤቱን ስም ግን እንደ ወትሮው ያያል።

«የቤቱን ስም ብቻ ማየት ምን ይጎዳል?» የሚል ሰው ይኖራል። ለዚህ ሰው መልስ ለመስጠት በፒያሳ መንገድ አንድ ሰው እናስከትልበት። ይህ ተከታይ የሚነገረውን አይሰማም፤ የሚገዛውንም አያይም፤ በሮችን ብቻ ይቆጥራል። ሰውየው ሰኞ ወደ ወርቅ ቤት ገባ፤ ማክሰኞ ወደ ሌላ ወርቅ ቤት፤ ረቡዕ ወደ ባንክ፤ ሐሙስ ወደ ልብስ ሰፊ። ተከታዩ አንዲት ቃል ሳይሰማ ሠርግ እንደ ቀረበ ያውቃል። ሌላው ሰው ደግሞ ሰኞ ወደ ሐኪም፤ ማክሰኞ ወደ መድኃኒት ቤት፤ ረቡዕ እንደ ገና ወደ መድኃኒት ቤት፤ ሐሙስ ወደ ጠበቃ ቢሮ፤ ዓርብ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ረጅም ሰዓት ቆየ። ይህ ሰው ለሚስቱ እንኳ ያልነገረውን ነገር ተከታዩ ገምቶታል። በር የሚቆጥር ሰው ልብን ወደ መቁጠር እንደሚደርስ ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ደግሞ ይህ ተከታይ አንድ ሰው ሳይሆን ሚሊዮኖችን በአንድ ጊዜ የሚከተል፤ የማይተኛ፤ የማይረሳ፤ ያየውንም ሁሉ ለነጋዴ የሚያቀርብ መሆኑን እናስብ። ነጋዴው በዚህ ዕውቀት ለያንዳንዱ ሰው እንደ ልኩ የተሰፋ ማስታወቂያ ያዘጋጃል። ለሙሽራው የቀለበት ማስታወቂያ ይመጣለታል፤ ይህ ደስ ያሰኘው ይሆናል። ለታመመው ሰው የመድኃኒት ማስታወቂያ ይመጣለታል፤ የቤተ ሰቡም ሰው ስልኩን አንሥቶ ያየዋል። ዕዳ ለጠናበትም ሰው ከፍ ያለ ወለድ የሚጠይቅ የብድር ማስታወቂያ ይመጣለታል፤ በጨነቀው ሰዓት የመጣ ምክር ነውና ይከተለዋል። በልክ የተሰፋ ልብስ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ልብስ ሰፊው ልካችንን የሚወስደው ቆመን፤ እጃችንን ዘርግተን፤ እያወቅን ነው እንጂ ተኝተን ሳለን አይደለም።

ይህን የምንለው በሥጋት ብቻ ተነሥተን አይደለም፤ በሌላው ዓለም ሆኖ ታይቷል። ብሪቲሽ ቴሌኮም የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 ፎርም ከተባለ ድርጅት ጋር ሆኖ፤ ለደንበኞቹ ሳያስታውቅ የሚጎበኟቸውን ገጾች ለማስታወቂያ ሲል የሚከታተል መሣሪያ ሞከረ። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲገለጥ ሕዝቡ ተቈጣ፤ የአውሮፓ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2009 የእንግሊዝን መንግሥት ሕጉ ደካማ ነው ሲል ጠየቀ፤ ኩባንያውም በዚያው ዓመት ዕቅዱን ተወ። በአሜሪካ ቬራይዘን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በደንበኞቹ የስልክ ጥያቄ ሁሉ ላይ ደንበኛው ሊፍቀው የማይችል መለያ ምልክት ይለጥፍ ነበር። ይህ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰፊው ታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ኩባንያው 1,350,000 ዶላር እንዲከፍልና ምልክቱን ለሌሎች ከማካፈሉ በፊት የደንበኛውን ፈቃድ እንዲቀበል ተደረገ።

የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በዚያው በ2016 አገልግሎት ሰጪዎች ሁሉ የደንበኛን የጉብኝት መዝገብ ከመጠቀማቸው በፊት ፈቃድ እንዲጠይቁ የሚያዝ ደንብ አወጣ። ደንቡ ግን ገና ሥራ ላይ ሳይውል እ.ኤ.አ. በ2017 የአገሪቱ ምክር ቤት ሻረው፤ ፕሬዚዳንቱም ፈረሙበት። እ.ኤ.አ. በ2021 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ስለ ስድስት ታላላቅ አገልግሎት ሰጪዎች ባወጣው ጥናት፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ሰዎች ከሚገምቱት የበለጠ መረጃ እንደሚሰበስቡና ለማስታወቂያ ሥራ እንደሚያውሉት ገለጸ። እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሀብትና ሥልጣኔ ብቻቸውን አደራን እንደማይጠብቁ ነው። የመጠቁት አገሮች በዚህ ጉዳይ አንድ እርምጃ ወደ ፊት፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲሉ ኖረዋል።

በአገራችን ኢንተርኔት ለሕዝብ የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዘመን አገልግሎቱን የሚሰጠው አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ተቆጣጣሪ ባለ ሥልጣን አቋቁሞ ለውድድር በር ከፈተ፤ በመስከረም ወር 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን ሥራውን በይፋ ጀመረ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጣ። በዚህ አዋጅ መሠረት የሰው የግል መረጃ የሚሰበሰበው ለታወቀ ዓላማና ሕግ በሚቀበለው ምክንያት ነው፤ ፈቃድ ተጠይቆ የተሰጠ እንደ ሆነም ፈቃዱ በነጻነትና በማወቅ የተሰጠ መሆን አለበት፤ ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበውንም ከዚያ ጋር ለማይስማማ ለሌላ ዓላማ ማዋል አይፈቀድም። ጥበቃውም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለ ሥልጣን ተሰጥቷል።

በዚህ ጽሑፍ ማንንም ለመክሰስ አላሰብንም። በሌሎች አገሮች ድርጊቱ ቀድሞ ሕጉ ተከተለ፤ እኛ ግን ሕጉን አስቀድመን ይዘናል፤ ይህ እንደ መልካም ዕድል ሊቈጠር ይገባዋል። ነገር ግን ሕግ በወረቀት ላይ የተጻፈ ፈቃድ ነው፤ በሰው ኅሊና ካልተጻፈ በቀር ከጋዜጣው ወደ ገበያው አይወርድም። ስለዚህ ሕጉ የቆመበትን ምክንያት መረዳት ከሕጉ ቁጥር ይልቅ ያስፈልገናል። ምክንያቱን ለመረዳት ደግሞ የተቃዋሚዎችን ክርክር በቅን ልቡና መስማት ይገባናል።

የመጀመሪያው ክርክር «ክፉ ያልሠራ ሰው የሚደብቀው የለውም» የሚል ነው። ይህ አነጋገር የተደበቀን ነገር ሁሉ ክፉ አድርጎ ይቈጥራል። እኛ ግን የመኝታ ቤታችንን በር የምንዘጋው ወንጀል ስለምንሠራበት አይደለም። ንስሓ ገቢው ለንስሓ አባቱ የነገረውን በአደባባይ አያሰማም፤ እናት ስለ ልጅዋ ሕመም ከሐኪም ጋር የተነጋገረችውን ለጎረቤት ሁሉ አታወራም። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባል የለምን? አጥር የሚታጠረው በግቢ ውስጥ ነውር ስላለ ሳይሆን፤ በግቢው ውስጥ ባለቤት ስላለ ነው። አጥሩን የነቀነቀ ሰው ምንም ነገር ባይሰርቅ እንኳ ባለቤቱን ንቋል።

ሁለተኛው ክርክር ከዚህ የጠነከረ ነው። «እናንተ ስለ ምሥጢር ስትናገሩ ድሃው የሚያስበው ስለ ዋጋ ነው። ኩባንያው ከማስታወቂያ ገንዘብ ቢያገኝ የመስመሩን ኪራይ ይቀንሳል፤ ተማሪውም በትንሽ ብር ብዙ ያነባል» ይላሉ። ይህን ክርክር በቀላሉ ልንጥለው አይገባም፤ ባንድ ሳምንት ጥቅል ወር ለመድረስ የሚጣጣር ተማሪ በየመንደሩ አለና። ነገር ግን ክርክሩ በተግባር ሲታይ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ኤ.ቲ.ኤንድ ቲ. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ኦስቲን በተባለችው ከተማ ፈጣን መስመሩን ሲያከራይ፤ ጉብኝቱ ለማስታወቂያ እንዲመዘገብ ለፈቀደ ሰው በወር 70 ዶላር፤ ላልፈቀደ ሰው ግን 99 ዶላር ያስከፍል ነበር። ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2016 ተወው። በሒሳቡ ውስጥ ያለው የ29 ዶላር ልዩነት ምንድን ነው? ባለጸጋው አጥሩን ገዝቶ ይገባል፤ ድሃው ግን አጥሩን ሸጦ ያድራል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ለድሃው የተደረገለት ርኅራኄ ሳይሆን፤ ከድሃው የተወሰደ ነገር አለ። ዳቦ ለመግዛት ብሎ የቤቱን በር የሚሸጥ ሰው ቢኖር፤ በሩን የገዛውን ሰው በጎ አድራጊ ነው ብለን አናመሰግነውም።

ሦስተኛው ክርክር «ፈርሟል፤ ተስማምቷል» የሚል ነው። በአገራችን ልማድ ውል ማለት ምን ነበረ? ቤት ወይም መሬት ሲሸጥ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ ምስክር ይቆማል፤ ዋስ ይጠራል፤ ጽሑፉም ማንበብ ለማይችለው ሰው ጭምር እንዲሰማው ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ «ሰማህ ወይ? ተስማማህ ወይ?» ተብሎም ይጠየቃል። የዛሬው የስልክ ውል ግን በብዙ ገጽ፤ በደቃቅ ፊደል፤ አንዳንድ ጊዜም ደንበኛው በማያውቀው ቋንቋ ተጽፎ፤ ከበታቹ «እስማማለሁ» የሚል ምልክት ይቀመጥበታል። ያላነበበውን የተስማማ ሰው ጣቱ ተስማማ እንጂ እርሱ አልተስማማም። ከዚህም በላይ እምቢ ያለ ሰው ሌላ በር ከሌለው፤ እምቢታውም ከትምህርቱ፤ ከሥራውና ከዘመዱ የሚለየው ከሆነ፤ እሺታው የግድ እሺታ ነው። ፈቃድ ፈቃድ የሚባለው እምቢ ማለት የሚቻል ሲሆን ነው።

አራተኛው ክርክር የባለ ሙያዎች ክርክር ነው። «መዝገቡን ሰው አያየውም፤ መሣሪያ ብቻ ነው የሚያገላብጠው፤ ስምም ተነሥቶለታል» ይላሉ። ለዚህ ሁለት መልስ አለን። አንደኛ፤ ስም ቢነሣም መንገዱ ይቀራል፤ ከአንድ ቤት ተነሥቶ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት በየቀኑ የሚሄድ መንገድ የማን እንደ ሆነ ለማወቅ ብዙ ምርምር አያስፈልገውም። የስልክ ቁጥርም በመታወቂያ የሚመዘገብ በመሆኑ ቁጥሩና ሰውየው በአንድ ኩባንያ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለተኛ፤ ለአንድ ዓላማ የተከማቸ መዝገብ ለሌላ ዓላማ መፈተኑ አይቀርም። ለነጋዴው የተዘጋጀውን መዝገብ ነገ ሌባ ይመኘዋል፤ ተበቃይ ይመኘዋል፤ ባለ ሥልጣንም ከሕግ ውጭ ሊያየው ይመኘው ይሆናል። ሕገ መንግሥቱ አስገዳጅ ሁኔታ ሲደርስና ዝርዝር ሕግ ሲፈቅድ ብቻ መብቱ እንዲገደብ ያለው በከንቱ አይደለም። ያልተጻፈ መዝገብ ግን በማንም እጅ አይገባም፤ ከጠባቂዎች ሁሉ የታመነው ጠባቂ አለመጻፍ ነው።

አምስተኛና የመጨረሻ ክርክር ከራሳችን ኑሮ የሚነሣ ነው፤ ይህም ከሁሉ ይልቅ ሊመረመር ይገባዋል። «በአራዳ ኖሮ ምሥጢር ያለው ማን ነው? ጎረቤት ሁሉን ያውቅ ነበር፤ ባለ ሱቁም በዱቤ መዝገቡ የየቤቱን ገመና ጽፎ ይይዝ ነበር። እንግዲህ አሁን ኩባንያ ቢያውቅ ምን አዲስ ነገር አለ?» ይላሉ። እውነት ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ሰፈር በተዛወሩት የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ውስጥ ግድግዳው ስስ ነበር፤ የአንዱ ቤት ወጥ ሽታ በሌላው ቤት ይታወቅ ነበር። ሰው ታሞ እንደ ሆነ፤ ተጣልቶ እንደ ሆነ፤ ልጁ ፈተና አልፎ እንደ ሆነ ሳይነገር ይሰማ ነበር።

ነገር ግን የጎረቤት ዕውቀትና የኩባንያ ዕውቀት በሦስት ነገር ይለያያሉ። አንደኛ፤ የጎረቤት ዕውቀት የእርስ በርስ ነው። አንተ የእርሱን ስታውቅ እርሱ ያንተን ያውቃል፤ ስለዚህ ሁለታችሁም ትከባበራላችሁ። ኩባንያው ግን እኛን ያያል እንጂ እኛ እርሱን አናየውም። ሁለተኛ፤ የጎረቤት ዕውቀት ይሉኝታ አለው። ባለ ሱቁ የዱቤ መዝገቡን ለሌላ ሰው ቢሸጥ ነገ ሱቁ አጠገብ የሚያልፍ አይኖርም፤ በዕድሩም ፊት ይጠየቃል። ብዙ ነገር አይቶ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ የሚያልፍ ሰው በሰፈሩ የተከበረ ነበር። የኩባንያ መዝገብ ግን ይሉኝታን አያውቅም፤ አዝኖ አይዘልም፤ አፍሮ አይተውም። ሦስተኛ፤ የጎረቤት ዕውቀት ይረሳል። የወጣትነት ስሕተት በዕድሜ ይሸፈናል፤ የተጣሉት ይታረቃሉ፤ ሽማግሌውም «ያለፈው አለፈ» ይላል። የማይረሳ መዝገብ ባለበት ግን ዕርቅ ሙሉ አይሆንም። እንግዲህ ጎረቤት ያወቀብን ስለ ቀረበን ነው፤ ሲያውቅም አብሮን ያዝናል፤ ሲያስፈልግም ለቅሶ ይደርሳል። ማስታወቂያ ግን ለቅሶ አይደርስም።

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ኑሮ ገመና ነው። ከዚህ የሚበልጥ አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እርሱም ስለ ትምህርት ነው፤ መምህራንና ተማሪዎችም ይህን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን። ሰው ሐሳብ የሚያገኘው በመጠየቅ ነው፤ ጥያቄም በመጀመሪያ ሲወለድ ደካማና አሳፋሪ ሆኖ ነው የሚወለደው። ተማሪው የማያውቀውን ለመጠየቅ፤ የሚጠላውን ሐሳብ ለማንበብ፤ የሚፈራውን በሽታ ለማወቅ፤ ማንም ሳያየው የሚቀመጥበት አንድ ማዕዘን ያስፈልገዋል። የቤተ መጻሕፍት ጥቅም ይህ ነው። በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ አንድ ሰው ቆሞ እያንዳንዱ አንባቢ ያወጣውን መጽሐፍ እየጻፈ ለነጋዴ ቢሸጥ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንባቢው መጽሐፍ የሚመርጠው በልቡ ፍላጎት ሳይሆን በሚታይበት መልክ ይሆናል። ኢንተርኔት ለዛሬው ወጣት ከሁሉ የሚሰፋው ቤተ መጻሕፍት ነው። በዚህ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ቈጣሪ ማቆም፤ የሚያነበውን ሰው ብቻ ሳይሆን ገና ያልታሰበውን ሐሳብ ጭምር መንካት ነው። የምትፈራ ልጅ ስለ ሰውነትዋ ጠይቃ ለማወቅ ካልደፈረች፤ ከማይመች ሰው ትጠይቃለች ወይም ሳታውቅ ትጎዳለች። የዚህን ጉዳት መጠን ማንኛውም የማስታወቂያ ገቢ አይከፍለውም።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ብዙዎቹ የመንግሥት ሠራተኞች ስለ ሆኑ፤ ነገሩ የኩባንያዎች ጉዳይ ብቻ ነው ብለን እንዳንዘናጋ አንድ ቃል እንጨምራለን። በየመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት አለ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛው የሰውን የጡረታ ጉዳይ፤ የፍቺ ወረቀት፤ የቅጣት ደብዳቤ፤ የሕክምና ማስረጃ ተሸክሞ ከክፍል ወደ ክፍል ይዘልቃል። ሥራው ማድረስ ነው፤ በመንገድ ገልጦ ያነበበ ወይም ለሌላ ያወራ እንደ ሆነ ደመወዙን የተቀበለበትን ሥራ ሳይሆን ሌላ ሥራ ሠርቷል። አቤቱታ ጸሐፊውም በፍርድ ቤት በር ተቀምጦ የብዙ ሰው እንባ ያያል፤ የሚከፈለው ግን ለመጻፍ እንጂ ለማውራት አይደለም። እኛ ወረቀት የተሸከምን ሰዎች ይህን ካከበርን፤ መስመር የተሸከሙትን ኩባንያዎች ለመጠየቅ ፊት ይኖረናል። ካላከበርን ግን ቃላችን ይከብድብናል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኛ የምንመክረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፤ መልእክት ተሸካሚ ድርጅት ለማድረስ የሚያስፈልገውን ብቻ ይወቅ፤ ሥራው ሲፈጸም ያወቀውን ይተው። የስልኩን ሒሳብ ለማስላት ያህል የሚያስፈልግ መዝገብ አለ፤ የሰውን ልብ ለማስላት የሚያስፈልግ መዝገብ ግን የለም። ሁለተኛ፤ ፈቃድ ሲጠየቅ ሰው በሚረዳው ቋንቋ፤ በአጭር ቃል፤ ለብቻው ይጠየቅ፤ ዝም ያለ ሰው እንደ ፈቀደ አይቈጠር፤ እምቢ ያለውም በዋጋም ሆነ በአገልግሎት አይቀጣ። ሦስተኛ፤ ጠባቂ ሆኖ የተሾመው ባለ ሥልጣን መሥሪያ ቤት ለኩባንያውም ለመንግሥት መሥሪያ ቤትም እኩል ዐይን ይኑረው፤ የተበደለውም ሰው አቤቱታውን ያለ ብዙ ምልልስ የሚያቀርብበት በር ይከፈትለት። ይህ ሁሉ በሕጋችን መንፈስ ውስጥ አለ፤ የሚቀረው መንፈሱን ሥጋ ማልበስ ነው።

ነጋዴዎችም ይህ ምክር ንግድን የሚጠላ አይምሰላቸው። ገበያ የአራዳ ልጅ ነው፤ ማስታወቂያም ከገበያ ጋር የተወለደ ነው። በፒያሳ መንገድ በየሱቁ በር ላይ የተሰቀለው ጽሑፍ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ይናገራል፤ ማንንም በስሙ ጠርቶ ሕመሙን አያነሣበትም። ነጋዴ ዕቃውን ያስታውቅ፤ ዋጋውን ይናገር፤ መልካም ዕቃ ካለው ገዢው ራሱ ይመጣል። በአደራ የተያዘውን መንገድ ግን ገበያ አያድርገው። ተሸካሚና ደላላ አንድ ሰው የሆኑበት ከተማ ውስጥ ማንም ዕቃውን ለተሸካሚ መስጠት አይወድም፤ ያን ጊዜም የሚጎዳው ላኪው ብቻ ሳይሆን ተሸካሚውም ነው።

የከተማችን ሰው ነቃ ያለውን፤ የማይታለለውን፤ ነገር ገና ሳይነገር የሚገባውን ሰው «አራዳ» ብሎ ይጠራዋል። በዛሬው ዘመን ከሌላው ሰው ብዙ ማወቅ እንደ ንቃት ተቈጥሯል። እኛ ግን ንቃት ማለት ይህ ብቻ ነው ብለን አናምንም። ማየት የሚችለውን ነገር ሳያይ የሚያልፍ፤ መሸጥ የሚችለውን ምሥጢር የማይሸጥ፤ ዋጋ በተቀበለበት ሥራ ላይ የሚጸና ሰው ከሁሉ ይልቅ የነቃ ነው፤ ኑሮ በመተማመን ላይ እንደ ቆመ አውቋልና። ኩባንያውም፤ ጸሐፊውም፤ ባለ ሱቁም በየድርሻው ይህን ያስብበት። መንግሥትም ሕጉን ያጽና፤ ሕዝቡም መብቱን ይወቅ።